ሁለት ዙር በእጅ

ጋምቤላ ላይ ያለው ጋራዤ፣ ጋራዥ ይባል እንጂ፣ አንድ የማንጎ ዛፍና ጥቂት ቆርቆሮ ነው። እኔ የሰፋሪ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በቆሎ እንድኮተኩት ሲጠብቅ እኔ ሞተር ወደድኩ። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ "ባለሙያው የለም?" ይለኛል። "ባለሙያዋ እኔ ነኝ፤ ኮፈኑን ክፈት!" እለዋለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሹም።

አንድ የመዘምራን ከበሮ መቺ መኪናውን አመጣልኝ፤ የሞተሯ ቼይን አልቆ ትንኳኳለች። ዓርብ አዲስ ቼይን አስገባሁላት። ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ታገባለች። አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ እጇን ይዞ ቤተክርስቲያን የሚያስገባት እሱ ነው፤ ሙሽሮቹም ከዚያ የሚወጡት በዚችው መኪና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከረባቱን አስሮ፣ ሪባኑን በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ።

"አለቀ አይደል፣ እህቴ?"

"ታይሚንጉን ሳላይ አልሰጥህም።"

ቼይኑ ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ፣ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት በጥርሶቻቸው አያይዞ እኩል ያዞራል፤ ታይሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። ጥርሱ ከተዛነፈ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታና ሞተሩ አፈር ይበላል። ስለዚህ ሳይነሳ በፊት ክራንኩን ሁለት ዙር በእጅ አዙሮ፣ ምልክቶቹ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ማየት ነው።

እኔ እስከዚያ ቀን የምገጥመው ያገለገለ ቼይን ነበር፤ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። የዚህኛው አንዳንድ ቀለበቶች ግን ቢጫ ተቀብተዋል። ስገጥመው ቢጫዎቹን ጥርሶቹ ላይ ካሉት ነጥቦች ጋር አገናኘኋቸው። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ!

ሁለት ዙር አዙሬ ቢጫዎቹን ብቻ ፈለግኩ። ቢጫዎቹ የሉም፤ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ወይ ጉዴ! ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ፣ አዞርኩ። አሁንም የሉም። ላቡ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቼይኑንም ሻጩንም ረገምኩ።

ቀትር ሲያልፍ ስልኩ ጮኸ፤ እህቱ ናት። በቋንቋቸው አውርቶ ሲዘጋ ፊቱ ተለውጧል።

"ካልመጣህ ቤተክርስቲያን አልገባም ብላለች።"

"በሞተር ሳይክል ሂድ በቃ!"

"እሷስ በምን ትውጣ?"

መፍቻውን አንስቼ ልፈታ ስል ኮቱን አወለቀ።

"ደክሞሻል። እኔ ላዙር፣ አንቺ እዪ።"

በባዶ እጁ ቅባት የጠገበውን የክራንኩን ማዞሪያ እጀታ ይዞ፣ ከበሮ እንደሚመታ ሰው እየቆጠረ ሁለት ዙር አዞረ።

"ነጥቦቹ ተመልሰዋል" አለ።

"ቢጫዎቹስ?"

"ቼይኑ እኮ ረጅም ነው፤ በሁለት ዙር ዞሮ አይጨርስም። እኛም ከበሮ ስንመታ አጭሩ ምት ወደ መነሻው ሲመለስ ረጅሙ ገና መንገድ ላይ ነው።"

"አንተ ከበሮህን ምታ!" አልኩት። ግን ጎንበስ ብዬ አየሁ። የላይኛው ጥርስ ነጥብ ሞተሩ ላይ ካለው ምልክት ጋር ልክክ ብሏል፤ የታችኛውም እንዲሁ። ለካ ቢጫው ለመግጠሚያ ብቻ ነው! ደህናውን ሞተር ፈትቼ ገጥሜ፣ ደግሞ ልፈታው! መሬት ላይ ዘጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። እሱም አላዘነልኝም፤ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

ክዳኑን መልሼ አሰርኩ፣ ዘይትና ውኃ ሞላሁ። ቁልፉን ሲነካው ተነሳች፤ ኮሽታ የለ፣ ምን የለ። እልልታዬን አቀለጥኩት። "ነይ ግቢ፣ መንገድ ላይ ብትቆምስ?" ብሎ ከነቱታዬ ይዞኝ ሄደ።

ስንደርስ ሙሽራዋ ነጭ በነጭ ሆና ፀሐይ ላይ፣ ቤተክርስቲያኑ በር ጋ ቆማለች። ሽማግሌዎች ግቢ እያሉ ይለምኗታል፣ ንቅንቅ የለም። እንዳየችው ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። እሱ እጁን ከኋላው ደበቀ፤ በጥድፊያ ሳይታጠብ መጥቶ እስከ ክንዱ ጥቁር ነው። አንድ ነገር ተናገረችና በነጭ ጓንቷ እጁን ጎትታ ያዘችው።

ምን እንዳለችው የነገረኝ ማታ ነው። አባታቸው በወንዙ እስከ ማታር ከተማ የሞተር ጀልባ ይነዱ ነበር። "የአባባም እጅ ሁሌ ዘይት ነበር፤ ና ያዘኝ" ነው ያለችው።