የእንግሊዝኛ መምህሩ ጉሮሮ

የሰፈራችን የእንግሊዝኛ መምህር የሚታወቀው በጉሮሮው ነበር። ክፍል ውስጥ «ጸጥታ» ሲል ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሥራ ያቆማል ይባልለታል።

እንግሊዝኛ ተጽፈው የማይነበቡ ፊደላት የሞሉበት ቋንቋ አይደል? እነሱ ጋ ሲደርስ አፉን ገጥሞ ጠረጴዛውን በማስመሪያ ይመታል። ናይፍ ሲያስነብብ ከፊት ለተጎለተው ኬ አንድ ምት፤ ከዚያ «ናይፍ»።

«ቲቸር፣ ኬ ሥራ ከሌለው ለምን አይባረርም?» አለው አንድ ቀን የክፍሉ ቀልደኛ።

«ዘመድ አለዋ። አንተ ዘመድ ስለሌለህ አጥና።»

ኋላ ጉሮሮው ታመመ። ሐኪሞች እብጠቱን ቆርጠው ሲያወጡት ድምፁም አብሮ ወጣ። የቀረለት ከተቀደደ ጎማ የሚወጣ ዓይነት ትንፋሽ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ተኛ» አለችው ሚስቱ። እሱ ግን ጣሪያውን በጣቱ አሳያት። ቤቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሥራው ከሄደ ጣሪያውም ይሄዳል።

ርዕሰ መምህሩ የድሮ ተማሪው ነው። «ጋሼ፣ ሰኞ ክፍል ገብቼ አያለሁ። ካስተማሩ ይቀጥላሉ» አለው።

ተማሪዎቹ ይህን ሰምተው መከሩ።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ተቀመጠ። መምህሩ ቃል ጽፎ ማስመሪያውን ገና ከማንሳቱ፣ ክፍሉ በሙሉ ዴስኩን መትቶ ቃሉን አነበበው። ጣሪያው ሊገነጠል ምንም አልቀረው። ቀልደኛው ጥያቄ ጠየቀ፣ አንዷ መለሰች፣ ሌላው አረማት። መምህሩ ትንፋሽ ማውጣት እንኳ ሳያስፈልገው ደወል ተደወለ።

ርዕሰ መምህሩ በረንዳ ላይ አውጥቶት የመምህሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። እርስ በርሳቸው ይማማራሉ እኮ። እንግዲህ እርስዎ ይረፉ፤ ለእነዚህ የክፍሉ አለቃ ይበቃቸዋል። ቤቱንም ቢሆን ቀስ ብለው ነው የሚለቁት፣ አናጣድፍዎትም።»

መምህሩ አፉን ከፍቶ ታገለ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ርዕሰ መምህሩ ምርቃት መስሎት ዝቅ ብሎ «አሜን፣ አሜን» አለና ሄደ።

ክፍሉ ውስጥ ዴስክ እየተደበደበ ይጨፈራል።

«ቲቸር፣ እንዴት ነበርን?» አለው ቀልደኛው። «አዳንንዎት አይደል?»

መምህሩ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ዞረና ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረ፤ ጽሑፉ ካለቀም በኋላ ፊቱን አልመለሰም።