ከጠመንጃው የፈታሁት መነጽር

ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። አራት ዓመት ሆነው። የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሚታዘንለት ሰው ሌላ ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይመርና እኔ ከመንደር ተነስተን አሶሳ ገበያ ገባን። ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እኛ የተወለድነው እዚሁ ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰኝ ይመር ነው። አያ ይመር ነበር የምለው።

ከመንደራችን በላይ ካለው ተራራ አንድ ነብር ነበር። ፍየሎቹን ጨርሶ ጥጃ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ ማዶ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከወዲህ ሆነው ሲያዩት ነጥብ ነው። በባዶ ዓይን አይተኮስበትም፤ ገደሉን ዞሮ ለመቅረብ የሞከረ ሁሉ ባዶ ድንጋይ አግኝቷል። ሽማግሌዎቹ ይመርን አደራ አሉት። እሱም የጠመንጃ መነጽር ሊገዛ ወሰነ።

ሻጩ ሐጂ የምንላቸው የበርታ ሽማግሌ ናቸው። በትንሽ ሱቃቸው ከሱዳን በኩል የሚመጣ ባትሪ፣ ራዲዮ፣ የእጅ መብራት ይሸጣሉ። ሁለት መነጽር አወጡ። አንዱ ክንድ የሚያህል፣ መስታወቱ እንደ ብርጭቆ አፍ የሰፋ። ሌላው ትንሽ፣ ቀጭን። ትልቁን አንስቼ በበሩ አየሁበት፤ የመስጊዱ ሚናራ ዓይኔ ሥር መጣ።

«አያ፣ ይሄን ነው የምንወስደው» አልኩ።

ሐጂ ሳቁ። «ተራራ አንተ ነህ የምትወጣ ወይስ እሱ? ጠመንጃ ራሱ ከባድ፣ መነጽር ከባድ። ላይ ስትደርስ ልብ ዱብ ዱብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምን ትመታለህ? ደመና?»

ይመር ትንሹን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው። «የዚህስ ጉድለቱ ምንድን ነው ሐጂ?»

«መስታወት ትንሽ ነው፣ ብርሃን ትንሽ ይገባል። ጨለማ ካለ አትተኩስ፣ ፀሐይ ጠብቅ። ሌላ ጉድለት የለውም፣ ወላሂ።» ከዚያ ወደ እኔም ዞረው ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ነገር ስሙ። አስራችሁ፣ ተኩሳችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ እንዳትፈታው። ከፈታህ እንደገና ተኩስ። እዚህ ፀጉር ታህል ከዞረ እዚያ ማዶ ክንድ ነው።»

ሰማሁ። በደንብ ነው የሰማሁት። ይመር ቀላሉን ወሰደ። ምርጫው ልክ ነበር። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም መንደሬ ሁሉ ሌላ ነው የሚለው።

ከሰዓት በኋላ ከማሳችን ጀርባ አንድ ድንጋይ በኖራ ቀባንና ይመር ተኛለት። ይተኩሳል፣ ብሎኑን ትንሽ ያዞራል፣ ይተኩሳል። አራተኛው ጥይት ኖራውን መሀሉን በተነው። «በቃ ገባ» አለኝና ለአሱር ሶላት ሄደ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ እኔ ጋ ተወው።

ከተቀመጥኩበት ጉብታ የውሃ ቦኖው ይታያል። ዘሃራ ጀሪካን ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር። ዘሃራን ያኔ በልቤ ነበር የምወዳት፤ አንድ ቃል ተናግሬያት አላውቅም። ፊቷን ከቅርብ ለማየት ፈለግሁ። በቃ ይኸው ነው ምክንያቱ። ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ይመር ያስተማረኝ አንድ ሕግ ነበር፤ ጠመንጃ ባዶም ቢሆን አፈሙዙ ወደ ሰው አይዞርም። ያንን ሕግ ለማፍረስ አፈርኩ። ስለዚህ ካቻቪቴ አንስቼ መነጽሩን ፈታሁት። እኔ ፈታሁት። አንዱን ሕግ ላከብር ሌላውን አፈረስኩ፤ ያኔ እንዲያውም ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዘሃራን አየኋት፤ ከጓደኛዋ ጋር እየሳቀች ነበር። ከዚያ መነጽሩን መልሼ አሰርኩት። ብሎኖቹ የነበሩበትን ጭረት በዓይኔ ለካሁና ልክ ነው አልኩ። ማን ነኝ እኔ ልክ ነው የምለው?

ይመር ሲመለስ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ነግሬው ቢሆን ሁለት ሦስት ጥይት ይተኩስና ይስቅብኝ ነበር። ልጅቷ ማን እንደሆነች ሳያወጣጣኝ አይተኛም። እሱን ነው የፈራሁት። መሳቁን።

እሑድ ተራራውን ወጣን። ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቀ፤ ሐጂ እንዳሉት። ነብሩ ድንጋዩ ላይ ነበር። ይመር ትንፋሹን ይዞ ተኮሰ። ነብሩ ዘለለ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ ወደ ታች ወረደና አለቱ ውስጥ ገባ።

«ትከሻውን ነበር የያዝኩት» አለ። መነጽሩን አልጠረጠረም። «ዓይኔ ነው። እርጅና መጣ መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። በኛ ዘንድ ነብር ያቆሰለ ሰው ሳይጨርስ አይመለስም፤ የቆሰለውን በማግስቱ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው የሚያገኙት። ስለዚህ ይመር እንደሚከተለው አውቅ ነበር። «አያ፣ መነጽሩን ፈትቼው ነበር፣ በሥሩ ባለው በጠመንጃው ማነጣጠሪያ ተኩስ።» ይህን ብቻ ማለት ነበረብኝ። ገደሉን ዞረን እስክንደርስ ረጅም መንገድ ሄድን፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ከኋላው ሆኜ ዝም አልኩ። ደሙን ተከትለን አርባ እርምጃ ያህል ስንቀርብ ነብሩ ጥግ ይዞ ተኝቷል። ይመር እርግጠኛ ለመሆን በመነጽሩ አነጣጠረ። እኔ ያሰርኩት ብሎን በመጀመሪያው ተኩስ ይባስ ላልቶ ኖሯል። ሳተ። ነብሩ ተነሳ።

ነብሩን በያዝኩት መጥረቢያ የገደልኩት እኔ ነኝ። ለዚህ አመስግነውኛል። ወንድሜ ግን አንገቱ ተዘንጥሎ ነበር፤ ተሸክሜው ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ይሉኛል። አራት ዓመት ሙሉ ይሉኛል። አልቀበልም። ቀኑን ማን አደረሰው? በካቻቪቴ አደረስኩት፣ በዝምታ አደረስኩት። የእኔን ሥራ አላህ ላይ እንድጭን አትምከሩኝ። መነጽሩም ጤነኛ ነበር። ቀላል ዕቃ ተሰባሪ ነው፣ ትልቁን ቢገዛ አይሞትም ነበር የምትሉ ሁሉ፣ ተሳስታችኋል። ያሳሳትኳችሁም እኔ ነኝ።

አጎቴ አሊ ይህን ሲሰማ የሞተ ሞቷል፣ ዝም በል እንደሚለኝ አውቃለሁ። አጎቴ፣ ሐጂ አልሞቱም። ከኛ መንደር ሱቃቸው የሚገባ ጠፍቶ፣ ሱቁን ዘግተው ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፈው ባትሪ ይሸጣሉ። በፊታቸው ሳልፍ እኔ ነኝ አንገቴን የማዞር። ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊለኝ ከሚችለው አንዱ አፈር ውስጥ ነው፤ ሌላው ምን ይቅር እንደሚል አያውቅም። እንዲያውቅ ነው የምጽፈው።

ያኔ፣ በቀብሩ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ሐጂ ለቅሶ መጡ። ጫማቸውን ከድንኳኑ አፍ አውልቀው፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ለእናቴ ስኳር ይዘው ነበር የመጡት። አጎቴ አሊ አላስጨረሳቸውም።

«ያ የሸጥክለት ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«ጤነኛ ዕቃ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ልጁ ለምን ሁለት ጊዜ ሳተ? ይመር ስቶ ያውቃል?»

ሐጂ አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። «ልጄ፣ ተኩሳችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ መነጽር ተፈትቶ ነበር?»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናቴም አየችኝ።

«አልተፈታም» አልኩ።

ሐጂ ሐዘንተኛ ይዋሻል ብለው አላሰቡም። አልተከራከሩም። «እንግዲያ ከኔ ዕቃ ነው» አሉ። እናቴን «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ተነሱ፤ ማንም አልደገፋቸውም።

ቀድሜያቸው ወጣሁ። ለሽማግሌ እንደሚደረገው ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አዙሬ አቀረብኩላቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው «ሰብር አድርግ ልጄ፣ አላህ ያጽናህ» አሉኝ።

«አሚን» አልኩ።