ድፎን የሸጥኩ ቀን የተባለው እሺ

መኪናችንን ስንሸጥ ስለ ወንበሩ ምንም አልተነሣም ተብሎ በደሴ መናኸሪያ ተወርቷል። ውሸት ነው። ተነሥቷል። ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ገዢው፣ ደላላውና ባለቤቴ እየሰሙ ነው ያነሣሁት። ገዢውም እሺ ብሎኛል። ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልኝ። የቀረውን ከመነሻው እነግራችኋለሁ።

ዘሀራ እባላለሁ። ትምህርቴ ማንበብና መጻፍ ካስቻለኝ በኋላ ብዙም አልገፋም። ሥራዬ የመኪና ረዳትነት ነበር። ዛሬ ሴት ረዳት ብርቅ ላትሆን ትችላለች፤ ያኔ ግን ከገራዶ ደሴ በሚመላለሱት መኪኖች ላይ ከእኔ ሌላ አላየሁም።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። ባለቤቴ ሰይድ ሹፌር ነበር። መኪናዋ የራሳችን ናት፤ በጃንሆይ ጊዜ የገባች፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ አፍንጫ የሌላት የጀርመን መኪና። ጣሪያዋ ክብ ብሎ የተነፋ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ድፎ ይላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የሰይድ ረዳት ሥራውን ትቶ ወደ አሰብ ሄደ። ሰይድ በር ላይ ቆሞ ሲብሰለሰል አየሁት።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ረዳት የለኝም። ማን ይጭንልኛል?»

«እኔ እጭንልሃለሁ።»

«ታኮውስ?»

«ታኮ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሳቀብኝ። ታኮ ጎማ ሥር የሚወሸቅ እንጨት ነው። የድፎ የእጅ ፍሬን ደካማ ነበር፤ ደሴ ደግሞ ሜዳ የላትም። መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ረዳቱ ከሁሉ ቀድሞ ይወርድና ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ያስገባል። ተሳፋሪ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተማርኩት ይህን ነው። ተሳፋሪዎቹ ሂሳብ ከመስጠታቸው በፊት ፊቴን እያዩ ያመነቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ባልሽ ታመመ እንዴ?» አሉኝ። «ደኅና ነው አባባ፣ ያውና ይነዳል» አልኳቸው። ማታ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ ገባሁ። ድፎ ግን አንድም ቦታ ወደ ኋላ አልተንሸራተተችም።

ወንበሩ የመጣው በክረምት ነው። ከገራዶ ምጥ የያዛት ሴት አሳፈርን። መኪናዋ እንደማንኛውም መኪና በመደዳ ወንበር የተሞላች ስለነበረች ሴትዮዋ የምትጋደምበት አልነበረም። በተሳፋሪ ጭን ላይ አስተኛናት። መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር የሰውን ልብስ ጨምድዳ ትይዛለች። አጠገቧ የነበረ አንድ ጎረምሳ በኀፍረት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ እጁን ግን ለእሷ ትቶላት ደሴ ድረስ ሄደ። ከሆስፒታሉ በር ስናደርሳት ትንሽ ነበር የቀራት። እናትም ልጅም ተረፉ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን በማግስቱ ሰይድን «ከእንግዲህ በዚህ መኪና ሰው በሰው ጭን ላይ አያምጥም» አልኩት።

«ታዲያ አልጋ ላስገባልሽ?»

«አዎ።»

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ኮምቦልቻ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ላሜራ ሠራተኛ ነበሩ፤ የመኪና አካል የሚቀጠቅጡና የሚበይዱ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ድፎን እሳቸው ግቢ አቆምናት። በግራ በኩል ያሉትን ወንበሮች ነቀሉና ከሹፌሩ ጀርባ ጀምሮ እስከ ኋላ የሚደርስ አንድ ረጅም ወንበር ሠሩ። ጥጡን አፍታትቼ የሞላሁት፣ ሸራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለአሮጊትና ለእርጉዝ እግር እንዲመች ከበሩ ሥር ዝቅ ያለ መርገጫ ጨመሩልን። ቀለምም ቀቧት፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ወተት መሰለች። ሲያልቅ ጋሽ ተፈራ በወንበሩ ላይ አማተቡበት፤ ሰይድ ደግሞ ቢስሚላህ ብሎ ተጋደመበትና «እኔም ካመመኝ ይሆነኛል» አለ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሽተኛ ወይም ምጥ የያዛት ካለች ወንበሩ የእሷ ነው፤ ሂሳብ አትጠየቅም። ከሌለች ማንም ይቀመጥበታል፤ ስትመጣ ግን ይነሣል። ማንም ማለት ማንም ነው።

አንድ ቀን የወረዳ ሹም ተቀመጠበት። መንገድ ላይ ፊቷ የገረጣ እርጉዝ አሳፈርን።

«ይነሡላት» አልኩት።

«እኔ ስብሰባ አለብኝ።»

«እሷም አለባት።»

ሰዉ ሳቀ። ሹሙ ሰይድን በመስታወቱ ውስጥ ፈለገው። ሰይድ «እኔ የያዝኩት መሪውን ብቻ ነው ጌታዬ፤ ስለ ወንበር እሷን ያነጋግሩ» አለው። ሰውየው ተነሥቶ፣ ጣሪያው ራሱን እንዳይመታው አጎንብሶ ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ሊቀ መንበር፣ እንዴት ነሽ?» ይለኝ ነበር። ቂም አልያዘም። የያዙም ነበሩ።

እንዲህ ብዙ ዓመት ሠራን። የገራዶ ሰው ድፎን በድምፅዋ ያውቃታል። ትልቋ ልጄ የበኩር ልጇን ልትወልድ ስትሄድ በዚያው ወንበር ላይ ተኝታ ነው የሄደችው። እኔ አያት የሆንኩባት መኪና ናት።

ከዚያ የሰይድ ዓይን ደከመ። ሐኪሙ መሪ አትያዝ አለው። ሹፌር ቀጠርን፤ ማርሹን እያንገጫገጨ አሰቃያት። አዳዲሶቹ ሚኒባሶች ደግሞ መስመሩን ሞሉት። ለድፎ መለዋወጫ የሚገኘው ከጋሽ ተፈራ እጅ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም አረፉ። መሸጥ ግድ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው ገዢ ለብረቷ ነበር የፈለጋት። በቁሟ ሊከታትፋት። «ሬሳ አልሸጥም» ብዬ በሩን አሳየሁት። ሁለተኛው ዶሮ ሊያመላልስባት አሰበ፤ እሱን እንኳ በቁም ነገር አላነጋገርኩትም። ሦስተኛው እንድሪስ ነው።

እንድሪስ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ወጣት ሹፌር፣ የራሱን መኪና ለመያዝ የጓጓ። ሌሎቹ ገዢዎች ሲመጡ ጎማ ይረግጣሉ። እሱ በሩን ከፍቶ በዝቅተኛው መርገጫ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። «እናቴ ይችን ብታገኝ» አለ። ልቤ ያን ጊዜ ሸጠለት።

ሽያጩ የተጨረሰው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ በእኛ ግቢ ነው። ደላላው ችኩል ሰው ነበር፤ ሌላ ቦታ የሚጠብቁት ይመስል ቆሞ ነው የሚያወራው። በዋጋው ከተስማማን በኋላ «አንድ ነገር ይቀራል» አልኩ። እንድሪስን ወደ መኪናዋ ወሰድኩትና ወንበሩን በእጄ መታ መታ አደረግኩት።

«ይሄ አይነቀልም» አልኩት። «በሽተኛ ስትመጣ ሰው ይነሣላታል፤ ሂሳብም አትጠየቅም። በዚህ ከተስማማህ ውሰዳት።»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። «እሺ እማማ።»

«እሺ?»

«እሺ፣ ችግር የለም።»

ደላላው «በቃ እሺ ብሏል፣ ዱዓ ይደረግ» አለ። ሰይድ ዱዓ አደረገ፣ አሚን አልን። ታኮውን በእጄ አስረከብኩት። ወላሂ በል አላልኩትም። እሺ ያለኝን ሰው ወላሂ ማስባል እሱን መስደብ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ኮምቦልቻ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ ድፎን እዚያው መናኸሪያ ውስጥ አየኋት። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። መርገጫው አለ። ረገጥኩና ወጣሁ። ረጅሙ ወንበር የለም። በቦታው መደዳ ወንበር ገብቶ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጣብቋል።

ረዳቱን «የበሽተኛው ወንበር የት ሄደ?» አልኩት።

«የምን ወንበር?»

እንድሪስ በመስታወቱ አየኝ። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰና የሐረጎን ዳገት ተያያዝነው። ከኋላ አንዲት ሴት ትኩሳት ያለበት ልጅ ታቅፋ፣ ራሱ ከብረቱ እንዳይጋጭ በመዳፏ ጋርዳ ይዛዋለች። ደሴ ስንደርስ እንድሪስ ሂሳቤን አልቀበልም አለኝ። ብሩን መቀመጫው ላይ ጣልኩለትና «እሺ ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

ሰው ከቦናል። «እማማ፣ ስለ ወንበር አልተነሣም» አለ።

ያ ነው የቆረጠኝ። ወንበሩን መንቀሉ አንድ ነገር ነው። እኔን ግን በአደባባይ ውሸታም አደረገኝ።

ቤት ገብቼ ለሰይድ ነገርኩት። «የሸጥሽውን ተይው» አለ። «በሬ የሸጠ ሰው ምን ታረሰበት እያለ ይከተላል?»

«በሬ ምጥ የያዛት ሴት አያደርስም» አልኩት።

ነገሩን ለመናኸሪያው ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ሁለት የቀድሞ ሹፌሮች ናቸው፤ አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን፤ የሹፌር ጠብ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ጎረምሶቹ «አሮጊቷ ወንበር ከሰሰች» እያሉ ሊያዩ መጡ። ደላላው ተጠየቀ። «ዋጋ ሰምቻለሁ፤ ወንበር አልሰማሁም» አለ።

ሰይድ ካልመጣሁ ብሎ ምርኩዙን ይዞ ተከትሎኝ ነበር። ተነሣ። «የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደኅና ነው» አለ። «ወንበሩ አይነቀልም ብላዋለች። እሺ ብሏል። እሺውንም ሁለቴ ነው ያለው።»

እንድሪስ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ «ብያለሁ» አለ። «መናኸሪያ ውስጥ ሲጠይቁኝ አፍሬ ነው የካድኩት። መኪናዋን ይዤ ስወጣ ግን ያንን ወንበር ይዤ መኖር አልቻልኩም። አዲሶቹ ሚኒባሶች ከእኔ እጥፍ ይጭናሉ።»

«ታዲያ ያኔ አልችልም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አልኩት። «ለሌላ እሸጣት ነበር፤ ወይም ራሴው እተወው ነበር።»

«እማማ፣ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው እምቢ አይባልም፤ እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። እሺ ያልኩት ለእርስዎ ነው። ለወንበሩ አይደለም።»

ጎረምሶቹ ሊስቁ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። እያንዳንዳችን ለትልቅ ሰው ያልነው እሺ ትዝ ሳይለን አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ወንበሩ ተበጣጥሶ ሌላ ነገር ሆኗል፤ አይመለስም። አሰብኩና ወደ እንድሪስ ዞርኩ። «ዕድሜዬን ተወው» አልኩት። «እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም፤ እነዚህ ሰዎች ይስሙኝ። ጋቢናውን፣ ከአጠገብህ ያለውን ወንበር፣ ለበሽተኛና ለወላድ ያለ ሂሳብ ትተዋለህ?»

በዚህ ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም። ቶሎም አልመለሰልኝም።

ለሚሸጥ ሰው የምለው ይህን ነው፦ ገዢው እምቢ ማለት እንደሚችል ሳትነግሩት እሺ ሲል አትቀበሉት። እኔ ድፎን የሸጥኩ ቀን አልነገርኩትም ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት ግን ነገርኩት፤ ያገኘሁት መልስም ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፣ ግን አመንኩት።

«ምጥ ለያዛት እተዋለሁ» አለኝ። «ለበሽተኛ ሁሉ ግን አልችልም።»