ሰባቱ ስሞች

«ሌባ ነህ! ወላሂ ሌባ ነህ!»

«አባባ፣ ከዘፈኑ አንድ ቃል አልቀየርኩም እኮ።»

«ስሞቹስ? ስሞቹን የት ጣልካቸው?»

ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው እስር ቤት፣ ጣሪያዋ ዝቅ ባለ፣ ሽንት ሽንት በምትል ክፍል ውስጥ ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ኤረር በር ላይ ግጥም ለጥፌ ነው የገባሁት። እሳቸው ከመሬት ጌታቸው ጋር የተጣሉ የሶፊ ገጠር ገበሬ ናቸው። የማሽላ መውቂያ ዘፈናቸውን በኦሮምኛ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ «ያስተምሩኝ» ብያቸው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተማሩኝ። እኔ ደግሞ ሳልነግራቸው ወደ አማርኛ መልሼ በሲጋራ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ያን ቀን ጠዋት ዘበኛው ከምንጣፌ ሥር አገኘውና ወሰደው። «ምን ጽፈህ ነው?» አሉኝ ሽማግሌው። በቃሌ አልኩላቸው። የተቆጡት ያኔ ነው።

በሳቸው አገር አውድማ ላይ ዘፈን የሚያወጣ ሰው በመጀመሪያ ያስተማረውን ይጠራል፤ ከዚያ የአስተማሪውን አስተማሪ፤ እንዲህ እያለ ሰባት ስም። የመውቂያው ዱላ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ስም ግጥም አልነበረም። ዘለልኩት።

«ከአባቴ የወሰድኩትን ሜዳ ላይ የወደቀ አስመሰልከው» አሉኝ። «አንተን ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ራሴን በራሴ።»

«ያስታውቃል።»

በሩ ተከፈተ። መቶ አለቃው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ ገባ።

«‹ዱላው የእኛ፣ ጥላው የጌታ።› ይሄ የማን ነው? ባለቤቱ ይቀራል፤ ሌላው ነገ ይፈታል።»

የሽማግሌው ማሽላ ደርሶ ወፍ እየለቀመው ነበር።

«የኔ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው እግሬ ሥር ተፉ። «ውሸቱን ነው። የአባቴ ነው።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ለዚህ ቅማላም ብለህ ልትበሰብስ ነው?»

«ለሱ? እሱማ ሰረቀኝ!»

ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሱና፣ አውድማ ላይ እንደቆሙ በሙሉ ድምፃቸው ስሞቹን መጥራት ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ መቶ አለቃው በጥፊ መታቸው። አራተኛውን ጠሩ።

ያኔ ከማንም አልተማርኩም ማለት ያኮራኝ ነበር። ዛሬ ማን አስተማረህ ሲሉኝ የሽማግሌውን ስም አስቀድሜ የሳቸውን ሰዎች እቆጥራለሁ፤ አምስተኛው ላይ እቆማለሁ። የቀሩትን ሁለቱን አላስታውስም።

እሳቸው ግን ያን ቀን ሰባቱንም ጨረሱ። ከንፈራቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ሰባት ናቸው» አሉት መቶ አለቃውን። «አንዱንም ሳትዘል ጻፍ።»

ዘበኛው ሊወስዳቸው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል እጁን አራገፉት። ወደ እኔ ሳያዩ ጎንበስ ብለው ወጡ። በሩ ተዘጋ።