ያልቆጠርኩት ትንፋሽ

ዛሬ ከፉሪ ስመጣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሳላስበው ዓይኔን ከሰዓቴ ወደ ደረታቸው እያመላለስኩ ትንፋሻቸውን እቆጥር ጀመር። አሥራ ስድስት፤ ደህና ናቸው። ይህ አመል የያዘኝ ሦስተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ሳለሁ ነው።

ክረምት ነበር፤ የሀና ማርያምን ጭቃ ከጫማዬ ሳልጠርግ ሆስፒታል አልገባም። ለልምምድ የመደበን መምህር የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ለመፈረም ነው። በሌላው ቀን ያለን ሲስተር ዘነበች ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ለአንድ ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ ብቻቸውን ይሯሯጣሉ። ሙቀትና ግፊት እንለካለን። ትንፋሽ ግን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ መቁጠር ስለሚጠይቅ፣ ተማሪው ሁሉ በደፈናው ሃያ ይጽፋል። የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ስቆጥር ጓደኛዬ ሰላም አይታኝ፣ «ሰውዬውን ልትስይው ነው እንዴ? ሃያ በይና እለፊ» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ጠዋት የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙት አትክልት ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ጋ ደረስኩ። ደህና መሆናቸውን ነገሩኝ፤ «ዶክተር» እያሉ ሲጠሩኝ አፍሬ ቶሎ ሃያ ጽፌ አለፍኩ።

ምሳ ላይ ከሰላም ጋር ፓስታ በእንጀራ አዘዝን። ሁለቴ እንደጎረስኩ፣ እትዬ ዘይነባ ጠዋት ደህና መሆናቸውን ሲነግሩኝ ያችን አጭር ንግግር ትንፋሽ እያጠራቸው ሦስት ቦታ ቆራርጠው እንደተናገሩ ትዝ አለኝ። ሰላም ሳይቀዘቅዝ ብዪ ትለኛለች፤ እኔ ተነስቻለሁ።

አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት።

ሲስተርን ጠራሁ። አሁን ነው የጀመራቸው ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ እውነቱን ብናገር ልምምዱን ወድቄ ዓመቱን ልደግም እችላለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ኦክስጅኑን እየከፈቱ። «ጠዋት ሃያ ብለሻል።»

«አልቆጠርኩም ነበር፣ ሲስተር።»

«ጮክ በይ፣ ዶክተሩ ይስማ» አሉ፣ ማዶ አልጋ ጋ ወደቆመው ሐኪም እየጠቆሙ።

ደግሜ ተናገርኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እትዬ ዘይነባ ከሳምንት በኋላ በእግራቸው ወጡ። እኔም አለፍኩ፤ ሲስተር የልምምድ ወረቀቴን ሲፈርሙልኝ ቀና ብለው አላዩኝም።

አሁን ተማሪዎች ሲመደቡልኝ ይህን አወራላቸዋለሁ፤ እንደ ደፋር ያዩኛል። የማልነግራቸው ግን አለ። በዚያ ጠዋት ወረቀት ላይ ለሌሎች ሕመምተኞች ሳልቆጥር የጻፍኳቸው አምስት ሃያዎች ነበሩ። ስለ እነሱ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም፤ ተመልሼም አልቆጠርኳቸውም።