የእናቴ ደረትና የአባቴ ጣሪያ

አሶሳ ከተማ በክልሉ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ “የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት” የሚለውን ነገር ስንቴ እንደተየብኩት አላህ ይወቀው። ለእኔ ግን ጭስ ማለት የእናቴ ሳል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው መስኮት በሌለው የቀርከሃ ቤት ውስጥ፣ በሦስት ጉልቻ ነው። ጠዋት እሳቱን እፍ ስትል ትስላለች፣ ስትስል ደረቷን ይዛ ቁጭ ትላለች፣ “ምን ሆንሽ?” ስንላት “ምንም” ትላለች። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው፣ በቁጥር በሚጠራው የሰፈራ መንደራችን የማትስል ሴት ብትፈለግ የምትገኘው አዲስ ሙሽራ ብቻ ናት።

ስለዚህ ክልሉ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በየመንደሩ ሊያዳርስ ነው ተብሎ የእኛን መንደር ስም ስተይብ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ማገዶው ሲቀንስ ደኑ ይተርፋል፣ ጭሱ ሲቀንስ ደግሞ ሰው ይተነፍሳል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። በኤሌክትሪክ ማብሰል ቢቻልማ ማን ይጠላል? ትልቁ ግድብ ያለው እዚሁ እኛ ክልል ነው። ሽቦው ግን በመንደራችን አናት አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይወርድም። አባቴ ቀና ብሎ እያየው “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይል ነበር። እስከዚያው ምድጃው ይሻላል አልን። ዛሬም ቢጠይቁኝ ክፉ ሐሳብ ነበር አልልም።

ምድጃው ጭሱን በቧንቧ አድርጎ፣ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣ ነበር። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነድበት አጠገቧ ነበርኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ብሎ ተረተባት። “መጀመሪያ ቅመስና ከዚያ ተናገር!” አለችው። በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን ጠራርጎ አስረከባት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሄድ ሳሉ ረግቦላታል፣ የቀላው ዓይኗም ጠርቷል። ገበያ ድረስ ሳታርፍ አብራኝ ሄደች፤ እንዲያውም እኔን ነው “ፍጠኚ እንጂ!” ያለችኝ። ያን ሰሞን ቢሮ ውስጥ እናቴ እንደዳነች ያላወራሁለት ሰው የለም።

ክረምቱ ገባ ሲል ከጣሪያው ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ነጭ፣ የላመ ዱቄት፤ አልጋው ላይ፣ ውሃው ላይ፣ የአባቴ መስገጃ ላይ። ነቀዝ ነበር። ቀርከሃ ጭስ ካልጠጣ ነቀዝ ይገባበታል። የእኛን አገር ቤት የሚያቆመው ከሥሩ የሚነደው እሳት ነው፤ ጥቀርሻው ጣሪያውን ይለብሰዋል፣ ነቀዝም ምስጥም አይደፍረውም። ይህን አባቴም ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች፣ እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። ምድጃው ሲተከል ግን ከመካከላችን ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ የለም። የእሷ ሳል እንዲቆም ነበር ሁላችንም የቸኮልነው።

በደህና ጊዜ ቢሆን አባቴ አዲስ ቀርከሃ ቆርጦ ይለውጠው ነበር። በአካባቢያችን የነበረው ጫካ ግን ከዓመታት በፊት አብቦ አልቋል። ቀርከሃ ደግሞ አበበ ማለት ሞተ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የበቀለው ገና ቀጫጫ ነው፣ ለቤት አይሆንም። “በቃ ቆርቆሮ ይግባ” ብዬ ነዘነዝኩት።

“በዚህ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር? ዳቦ ልታደርጊኝ ነው?” አለኝ።

እልኸኛ ነኝና ነቀዙን ይገድላል ብዬ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጄሪካን ለምኜ በባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ምሰሶውንም ግድግዳውንም ቀባን። ሣሩ ሥር የተሸሸገውን የጣሪያ ቀርከሃ ግን ማን ይደርስበታል? ሰው ዝም ሲል ነቀዙ ሲከረክር ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ስመጣ፣ ገና ከሩቅ፣ ቤታችን በሣር ክዳኑ ውስጥ ሲጨስ አየሁ። ሮጬ ገባሁ። ወጡ አዲሱ ምድጃ ላይ ተጥዷል። በሌላው ጥግ ደግሞ አሮጌው ጉልቻ ተመልሶ ተጎልቷል፤ ምንም አልተጣደበትም። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ጭሱ እንዲበዛ እርጥብ ቅጠል ትጨምርበታለች። በአንድ ቤት ሁለት እሳት! አንዱ ለወጥ፣ አንዱ ለጣሪያ። ማገዶው እጥፍ ሆነ፣ ሳሉም ተመለሰ።

እኔ ስቆጣ አፌ ልጓም የለውም። አባቴ ላይ ጮህኩ፤ “እሷን ገድለህ ነው ቤት የምታቆመው?” አልኩት። አባቴ አንገቱን ደፋ። የመለሰችልኝ እናቴ ናት።

“ተይው፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ ያነደድኩት።”

“ለምን? እኮ ለምን?”

“ከወሎ ሲያመጡን ሜዳ ላይ ነው ያራገፉን፣ የኔ ዓለም። ሣሩ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። አንቺን በሆዴ ይዤ ያ ሁሉ ዝናብ እላዬ ላይ ነው የወረደው። ሰው ነኝ ያልኩት አባትሽ ይህን ቤት የጨረሰ ዕለት ነው። ሳል ይለመዳል። ሜዳ ግን አይለመድም።”

አሶሳ እኔ ጋ ነይ ብዬ ለመንኳት፤ “ባሌን ለነቀዝ ጥዬ?” ብላ ሳቀችብኝ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ እስክጨርስ አዳመጠኝና ከልቡ አዘነ፤ “የጣሪያውን ነገር ማንም አላነሳብንም፤ በሚቀጥለው ዕቅድ እናስገባዋለን” አለኝ። ሰውየው አልዋሸኝም። እሷ ግን ዕቅድ የምትጠብቅበት ትንፋሽ አልነበራትም።

በተከታዩ ክረምት እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ነበር፣ ጭሱም ባሰበት። ትንፋሽ ሲያጥራት አሶሳ ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሙ “እናቴ፣ የሚያበስሉት በእንጨት ነው?” ሲላት “ጥሩ ምድጃ አለኝ ልጄ፣ ጭስ የለውም” አለችው። ሌላ እሳት እንዳለ እኔ ነገርኩት። “ታዲያ ለምን ያነዳሉ?” አለኝ። ለጣሪያው ብዬ ስመልስለት የቀለድኩበት መስሎት ገላመጠኝ። እናቴ ከዚያ አልወጣችም። አላህ ይርሀማት።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ አንዲት የጎረቤት ሴት “ጣሪያው እንዳይበላ” ብላ ጉልቻው ውስጥ እሳት ልታያይዝ ጎንበስ አለች። አባቴ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱ ውሃ አንስቶ ደፋበት።

“በዚህ ቤት ከእንግዲህ አይጨስም” አለ።

“ኧረ ጋሼ፣ ቤቱ ይወድቃል!”

“ይውደቅ። እሷን በልቷል፤ እሱም በነቀዝ ይበላ።”

ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያ ቤት አልወጣም። በየሳምንቱ እየሄድኩ እኔ ጋ እንዲመጣ እለምነዋለሁ፤ አኩርፌም፣ አልቅሼም፣ ሽማግሌ ልኬም አይቻለሁ። እሱ ግን መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ዱቄቱ ቆቡ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ሻዩ ውስጥ ይረግፋል። ባለፈው እሑድ በነጠላዬ ጫፍ ላራግፍለት ስል እጄን ያዘኝ።

“ተይው ልጄ” አለኝ። “ስትስል እኮ እሰማት ነበር።”