ማንም ያልሰማው መሀል

የከትበርት ኦልድሮይድን ዜማ እንግሊዝ አገር ውስጥ የማያፏጨው ሰው የለም፤ ከትበርት ኦልድሮይድን የሚያውቀው ግን የለም። የኛ ከተማ ፖስተኛ በየማለዳው ደብዳቤ ሲያድል ያቺኑ ዜማ ነበር የሚያፏጨው። አንድ ቀን የከትበርትን በር እያንኳኳ፣ እሷኑ እያፏጨ፣ "ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ለመሆኑ እርስዎ ሥራዎ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከትበርት ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ድልድዩ ላይ ፒያኖ እነካካለሁ።" በቃ! ሰው እንዴት "ዜማዋ እኮ የኔ ናት" አይልም? ያቃጥላል፤ እሱን ሳስበው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እኔ ኔሊ ግሬንጀር እባላለሁ። ራቨንሲ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማችን፣ ባሕሩ ላይ በተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ጫፍ አንዲት አዳራሽ ነበረች። በየበጋው ለሽርሽር ለሚመጣው ሕዝብ እዚያ የምንጫወት ኦርኬስትራ ነበርን፤ እኔ ቼሎ፣ እግር መሀል አቁመው በቀስት የሚጫወቱትን ትልቁን ቫዮሊን፤ ከትበርት ፒያኖ። ሰው አይስክሬሙን እየላሰ የሚሰማው፣ ዝናብ ሲያባርረው ደግሞ ካፖርቱን እያራገፈ የሚሰማው ቀለል ያለ ሙዚቃ ነው የኛ። የለንደን አዋቂዎች ይንቁን ነበር። ገደል ይግቡ! ደክሞት የመጣን ሰው ሳያስቸግሩ ፈገግ ማሰኘት እስቲ ይሞክሩት።

ከትበርት ደግሞ ክረምት ክረምቱን ለአንድ የለንደን አሳታሚ ዜማ ይጽፋል። ትእዛዙ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደሚላከው ዓይነት ነው። "ሦስት ደቂቃ፣ ደስ የሚል፣ የሚጣደፍ ከተማ" ይሉታል፤ "ሁለት ደቂቃ፣ ጸጥ ያለ ሐይቅ" ይሉታል። እሱ ለክቶ ሰፍቶ ይልካል። አሳታሚው በሸክላ ያስቀርጽና ለራዲዮም ለፊልምም ያከራየዋል። የደራሲ ስም የሚባል ነገር አይነሣም፤ የዚያ ሥራ ደንቡ ነው።

እሱና ሚስቱ ኤድና አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ማጂ። የጉሮሮ በሽታ ገና ትምህርት ቤት እንደጀመረች ነጠቃቸው። ኤድና በሳምንቱ ሰዎች ጠርታ ፒያኖውን ከቤት አስወጣችው። ማጂ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስትጎነጎን ፒያኖው ሥር ነበር የምትቀመጠው፤ አባቷ እየተጫወተ፣ እናቷ እየጎነጎነች። ኤድና ያን ፒያኖ ማየት አልቻለችም።

በዚያው ክረምት ከለንደን ትእዛዝ መጣ፤ "ደስ የሚል፣ በብስክሌት የሚሄድ ሰው።" ልጁን በቀበረ በወሩ! ከትበርት እምቢ አላለም። አዳራሹ ባዶውን ነውና ቁልፉን ተቀብሎ፣ ጓንት እንዳጠለቀ፣ የድልድዩ ፒያኖ ላይ ጻፈው። መነሻው የታዘዘው ብስክሌት ነው። መድረሻውም ብስክሌት ነው። መሀሉ ላይ ግን ማጂን አስቀመጣት። ብስክሌቱ ይቆምና አንድ ቼሎ ብቻውን ይነሣል፤ ቀስ በቀስ ቫዮሊኖቹ ከሥሩ እየገቡ ሦስት ሦስት ሆነው ይጎነጎኑበታል። የጻፈው ፀጉሯን ነው። ልጅቷን ያላየ ሰው እንኳ ያያታል።

ለኤድና ነገራት። "ከፈለግሽ አዳራሽ መጥተሽ በፒያኖ ላሰማሽ" አላት።

"በፒያኖ አታንኳኳት" አለችው። "ልጄ የጣት ማፍታቻ አይደለችም። በኦርኬስትራ ሙሉ ሆና ስትቆም ጥራኝ፤ ያኔ እሰማታለሁ።"

እሱም ቃል ገባላት።

አሳታሚው ግን መነሻውንና መድረሻውን ገጥሞ አስቀረጸና መሀሉን መለሰለት። "ያስተክዛል፤ እኛ ያዘዝነው ደስታ ነው" አሉት። ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮኼበታለሁ። "ትእዛዛቸው ነው እኮ ኔሊ፣ ልክ ናቸው" ይለኛል! ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

ከዚያ ራዲዮው ዜማዋን አገኛት። ከሰዓት በኋላ በሻይ ሰዓት ለሚተላለፍ የሴቶች ፕሮግራም መክፈቻ አደረጋት። ብስክሌቱ ይጋልባል፣ ይጋልባል፤ ልክ መሀሉ ሊጀምር በሚገባው ቦታ ላይ ድምፁ ይቀንስና አቅራቢው "ማንቆርቆሪያውን ጣዱት!" ብሎ ይጮኻል። ዓመት ከዓመት፣ በየቀኑ። አገሩ ሁሉ ለመደው። ሴቱ እውነትም ብድግ ብሎ ይጥዳል፤ ልጆች መንገድ ላይ እየተቀባበሉ ይጮኹታል፤ ቡና ቤት ውስጥ የሰከረው ሁሉ ጠረጴዛ ይደልቅበታል። ከትበርት ይሰማና ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ዓመታት ሄዱ። ኤድና መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ መነጽሯን፣ ቀጥሎ የመንገዱን ስም፣ ከዚያ የእህቷን ሞት። ሐኪሙ፣ "የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ወደፊት ነው የሚሄደው" አለው። ማጂን ግን አልረሳችም ነበር። ከትበርት በየምሽቱ "ማጂ ፀጉሯ ምን ዓይነት ነበር?" ይላታል፤ "እንደ ገለባ፣ አንተ ደደብ" ትለዋለች፤ እሱም እፎይ ብሎ ይተኛል።

በዚያው በጋ ማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራውን ሊበትን ወሰነ። ወጣቱ ጊታር ነው የሚፈልገው፤ አሮጊቶቹም አዳራሹ ውስጥ ቢንጎ ይጫወቱ ተባለ። ከትበርት ያን ዕለት መሪያችንን ፕሪድሞርን ጥግ ይዞ ሲለምነው አየሁት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰውን ሲለምን ያየሁት ያኔ ነው።

"በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻ ላይ፣ ከነመሀሉ" አለው። "ኤድና አሁንም ልጅቷን ታውቃታለች። ለከርሞ አታውቃትም። እባክህ።"

"ሕዝቡ የሚያውቀውን ነው የሚወደው፣ ከትበርት።"

"የሚያውቁትን ሰምተው የማያውቁትን ቢሰሙስ ምን ይላቸዋል?"

ፕሪድሞር ክፉ ሰው አይደለም፤ እሺ አለ። ልምምድ ላይ ግን አልነካነውም። እኛ ጠዋት ኖታ ታድሎን ከሰዓት በኋላ ለሕዝብ የምንጫወት ሰዎች ነን፤ ያየነውን እንጫወታለን፣ ኩራታችንም እሱ ነው። "ዳርና ዳሩን በእንቅልፋችሁም ታውቁታላችሁ፤ መሀሉን እዚያው ታነቡታላችሁ" አለ ፕሪድሞር። እኔ ግን ወረቀቱን ቤቴ ወስጄ፣ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪደበድብ ድረስ ተለማመድኩት። የቼሎው ቦታ የኔ ነዋ!

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከትበርት ኤድናን ሰማያዊ ኮቷን አልብሶ ፊት ለፊቴ አስቀመጣት። ጠቀሰችኝ። ጎንበስ ብዬ "እንዴት ነሽ ኤድና?" ስላት፣ "ዛሬ ማጂን ልሰማ ነው" አለችኝ። የሱስ ክርስቶስ!

ጀመርን። ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ምት አወቃትና ማጨብጨብ ያዘ። ብስክሌቱ ጋለበ። ከትበርት ከፒያኖው ላይ ኤድናን ብቻ ነው የሚያየው። መሀሉ ደረሰ፤ ቀስቴን ክሩ ላይ አሳረፍኩ።

"ማንቆርቆሪያውን ጣዱት!"

ያ ሁሉ ሰው፣ በአንድ አፍ! ከዚያ ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ እግር መደብደብ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እኔ እየተጫወትኩ ነው፣ እጄ ሲሄድ አየዋለሁ፣ ለራሴ አይሰማኝም። ፕሪድሞር ዝም በሉ ብሎ እጁን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ፤ ሰላምታ መስሏቸው ባሰባቸው። ይሄስ ያልፍ ነበር። መቼም ሰው ጮሆ ጮሆ ይደክመዋል።

ከበሮ መቺያችን ሲድ ነው የጨረሰን። መሀሉ ላይ ከበሮ የለም። ሽማግሌው ሲድ ወረቀቱን ዘግቶ ተቀምጧል፤ ጆሮውም ደከም ያለ ነው። ያን ጭብጨባ ሲሰማ አለቀ ብሎ አሰበ። የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ሙዚቃ። ካለቀ በኋላ የሚመጣው ምንድን ነው? ዝግጅት ሁሉ የሚዘጋበት ብሔራዊ መዝሙራችን፣ የንግሥቲቱ መዝሙር። ዱላዎቹን አነሣና ከበሮውን አንጎደጎደ።

ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ተነሣ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኛ አገር ያ ከበሮ አንዴ ካንጎደጎደ የሚያቆመው የለም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መዝሙሩ አልቆ ነው የሚወጣው። ፕሪድሞር ፊቱ አመድ መስሎ ከትበርትን አየው። ከትበርት አጎንብሶ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ድምፅ መታ። ምን ያድርግ? ከመዝሙሩ በኋላ ደግሞ የሚጫወት የለም፤ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። ወጣም።

ኤድና ኮቷን እየቆለፈች፣ "ማጂስ?" አለችው።

"ዘግይታለች" አላት።

ሲድን በዚያው አዳራሽ ሰው ፊት አዋረድኩት። ሽማግሌው "መቼ አወቅኩ ኔሊ፣ መቼ አወቅኩ" እያለ አለቀሰ። ከበሮውን ከነእንባው ራሱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ፤ ግን ምን ይፈይዳል።

"ነገ ቼሎዬን ይዤ ቤታችሁ ልምጣ" አልኩት ከትበርትን።

"በኦርኬስትራ ሙሉ ሆና ብላኛለች። ቃል ገብቻለሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ እንደዚያ ስትል እኮ እሷም ሙሉ ነበረች!"

አልሰማኝም። ክረምቱን በሙሉ፣ ዜማዋን ከነመሀሉ ተጫወቱልኝ እያለ ለኦርኬስትራዎች ደብዳቤ ሲጽፍ ከረመ። አንዱ ተበትኗል። አንዱ መሪው ሞቷል። ሌላው፣ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ጊዜው አልፏል ብሎ መለሰለት። ለራዲዮውም ጻፈ፤ ስለሚወዱት ፕሮግራማችን እናመሰግናለን የሚል ካርድ ላኩለት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እሱ ደጅ ሲጠና ኤድና ደግሞ በየቀኑ ትሸረፋለች።

የካቲት ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲያወርደው፣ በሬን አንኳኳ። ካፖርቱን እንኳ አልቆለፈም።

"ኔሊ፣ ዛሬ ጠዋት ፎቶውን አንሥታ፣ ይቺ የማን ልጅ ናት አለችኝ።"

ሌላ አልጠየቅኩትም። ቼሎዬን አነሣሁና ዝናቡ ውስጥ ሄድን።

ኤድና እሳቱ አጠገብ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። የቼሎዬን ሣጥን አየችና፣ "የሬሳ ሣጥኑ አጠረ፤ ማን ሞቶ ነው?" አለች። ከትበርት ሳቀላት። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

"መነሻውን ተዪው" አለኝ ቀስ ብሎ፤ "ጠላቴ እሱ ነው። ከመሀሉ ጀምሪና እስከ መጨረሻው ውሰጂው። ልጄ አንድ ጊዜ እንኳ ጨርሳ ቤቷ ትግባ።" ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ እግሯ ሥር ተቀመጠ። "ኤድና፣ ማጂ መጥታለች" አላት።

ተጫወትኩ። ቫዮሊኖቹ የሉም፤ ብቻዬን ነኝ፤ ጣቶቼም በብርድ ደንዝዘዋል። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ተዘግቶባት የኖረች ልጅ ናት የወጣችው። ቀና ስል ኤድና እጆቿን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታለች። ጣቶቿ ባዶ አየር ላይ፣ ከከትበርት ራስ በላይ፣ ይንቀሳቀሳሉ። ሦስት ሦስት። ትጎነጉናለች! ጉንጯ እንባ በእንባ ሆኗል። ከትበርት አይቷል፤ ትንፋሹን ውጦ ቁጭ ብሏል፣ እንዳይነካት ፈርቶ።

"ማን ናት፣ ኤድና?" አላት በሹክሹክታ። "ስሟን ንገሪኝ። ማን ናት?"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

እኔ ጋ መሀሉ አለቀና፣ ዜማው እንደተጻፈው ወደ ብስክሌቱ ተመለሰ። ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። የኤድና ጣቶች ቆሙ። ፊቷ በራ፤ ያቺን ዜማ ታውቃታለች፣ ማን የማያውቃት አለ! እንባዋ ሳይደርቅ ሁለት እጇን አጨበጨበችና እንደ ሕፃን ጮኸች።

"ማንቆርቆሪያውን ጣዱት!"

ቀስቴን አወረድኩ። ከትበርት ጉልበቷን ይዞ ተነሣ፣ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት፣ ወጥ ቤት ገባና ጣደው።